መቀነት ያጡ ካሬዎች

ዶክተሩ "ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋ አትውረጂ" ያለኝ በየካቲት ነው። ጋምቤላ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ የካቲትን ተኝቶ ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሼ ሁለቱንም አጥቻለሁ። የመጀመሪያው ጎሬ እናቴ ዘንድ ሳለሁ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቴ በአዲሱ ክልል ሥራ አግኝቶ፣ እኔም በመምህርነት ተዛውሬ ጋምቤላ ከገባን በኋላ። ስለዚህ በሦስተኛው ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ ያለ አንድ ጥያቄ እሺ አልኩ። ክፍሌን ለሌላ መምህር አስረከብኩና ጋደም አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት መጋረጃ በማየት ነው። መኝታ ቤታችን አንድ መስኮት ነበረው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል። ለዚያ ስንል ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ አድርገንበት ቀኑን ሙሉ እንደተዘጋ ይውላል። በስተኋላው ማንጎ ዛፍ አለ፣ ከማንጎው ወዲያ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ወዲያ ባሮ አለ። ለእኔ ግን ዓለም ማለት ያ አረንጓዴ ጨርቅ ነበር። ሆዴን በእጄ እይዝና እሱን እያየሁ አዳምጣለሁ። ትንሽ ቁርጠት ቢሰማኝ ትንፋሼን ውጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ባለቤቴ ቀያሽ ነው። ክልሉ ገና በመቋቋም ላይ ስለነበር የእሱም ቢሮ ወንበር እንኳ በወጉ አልተሟላለትም፤ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ እየተጋሩ ይሠሩ ነበር። ማታ ሲመጣ "ዛሬ እንዴት ዋልሽ?" ይለኛል። "ደህና" እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አንናገርም። በሁለቱ ጊዜያት ብዙ ተናግረን ነበር፤ ስም ሁሉ አውጥተን ነበር። በሦስተኛው "ልጅ" የሚለውን ቃል ከቤታችን አስወጣነው። ማንም ሳይነግረን ሁለታችንም እኩል ተውነው።

ከአጥራችን ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ አኙዋ ናት። በሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል ጤና ረዳት ሆና ትሠራ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ልጆቿን አሳድጋለች። ለምሳ ስትወጣ በእኛ ቤት በኩል ታልፍና እግሬን ታየዋለች፣ እጇን ግንባሬ ላይ ታደርጋለች። አንድ ቀን እንዲህ መጋረጃው ላይ አፍጥጬ አገኘችኝ።

"እህቴ፣ የተከለከለው እግርሽ ነው" አለችኝ። "እጅሽን ማን ከለከለው?"

"ምን ልሥራበት?"

"እኔ እንጃ። ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ ነገር የለም?"

የነገሩ መነሻ ይኸው ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የቤት አያያዝ የምታስተምረን መምህርት ከእራፊ ጨርቅ የትራስ ልብስ አሰፍታን ነበር። ትንንሽ ካሬ ትቆርጫለሽ፣ ዘጠኙን ሦስት በሦስት አድርገሽ ትገጥሚያለሽ፣ አንድ ትልቅ ካሬ ይወጣል። ያንን አስታውሼ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷም በማግስቱ ገበያው አጠገብ የስፌት ሱቅ ካላቸው ሰውዬ ዘንድ ሄዳ አንድ ማዳበሪያ እራፊ አስጭና መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ ከደጋ መጥተው ብዙ ዘመን ጋምቤላ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። "እኔ ልጥለው ነበር፣ መምህርቷ ትገላግለኛለች" ብለው ነበር የላኩት።

ማዳበሪያው ውስጥ የከተማው ልብስ ሁሉ ነበረበት። ከተማሪዎች የደንብ ልብስ የተረፈ ሰማያዊ ካኪ፣ የቢሮ ሰዎች ሱሪ ግራጫ ቁራጭ፣ አበባማ ፖፕሊን፣ ፑኝዶ ከተማ የሚነግዱ ሴቶች የሚያሰፉት ዓይን የሚወጋ ቢጫና ብርቱካን። ከጠመኔ ካርቶን አንድ ካሬ መለኪያ ቆረጥኩ፤ በእሱ እያሰመርኩ እቆርጣለሁ፣ በእጄ እገጥማለሁ። ማሽን ቢኖረኝም መቀመጥ ስለማልችል አይረባኝም ነበር። በጎኔ ተኝቼ፣ መርፌውን ፊቴ አጠገብ አድርጌ መስፋት ለመድሁ። ላብ ክሩን ያረጥብብኝ ነበር። እጄን በፎጣ እየጠረግሁ እቀጥላለሁ።

ሰዎች ሊጠይቁኝ ሲመጡ "ምን እየሠራሽ ነው?" ይሉኛል። "ለትራስ ልብስ ነው" እላለሁ። እናቴ "ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋለትም" እያለች ነው ያሳደገችኝ። በሁለተኛው ጊዜ አንዲት ትንሽ ሹራብ ሠርቼ ነበር፤ የደረሰብኝን አይቻለሁ። ስለዚህ ለራሴም ቢሆን ለትራስ ነው አልኩ። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ካሬዎቹ አልጋው ስር ተከመሩ። ባለቤቴ አንድ እሑድ አጎንብሶ አያቸውና "ለመሆኑ ስንት ትራስ ነው ያለን?" አለኝ። በዚያ ሁሉ ወር ሁለታችንም የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ስስቅ እንኳ ሆዴን ደግፌ ነበር።

በግንቦት ዝናቡ መጣ። ሆዴም ገፋ። እራፊው ሲያልቅ እጄ እንደገና ሥራ ፈታ፤ ከዚህ በኋላ የቀረው ካሬዎቹን አንድ ላይ ማጋጠም ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ባለቤቴ እሑድ ከሰዓት ሰሌን ዘርግቶ ካሬዎቹን መሬት ላይ ይደረድርልኝ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ በጎኔ ሆኜ በጣቴ አዛለሁ።

"ያንን ቢጫውን ወደ ግራ። አይ፣ ከሰማያዊው አጠገብ አታድርገው።"

"የቱ ሰማያዊ? ሁሉም ሰማያዊ ነው እኮ።"

መጀመሪያ ጎን ለጎን አጠጋግተን ሞከርነው። ቀለሙ እርስ በርስ ተዋጋ፤ የሰልፍ ቀን ይመስል ነበር። ከዚያ ደግሞ ማዕዘናቸውን ወደ ላይ አድርጎ በሰያፍ ደረደራቸው። ያማረ መሰለን፤ ግን በዙሪያው ጥርስ ጥርስ የሆነ ክፍት ቀረ፣ እሱን የሚሞላ ጨርቅ አልነበረንም። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር አየ። ቀያሽ ነውና ዝም ብሎ አላለፈውም። ሜትሩን አውጥቶ ለካ።

"እነዚህ እኩል አይደሉም" አለኝ።

"እንዴት አይሆኑም? በአንድ ካርቶን ነው የቆረጥኳቸው።"

"ካርቶኑን አምጪው።"

ከትራሴ ስር አውጥቼ ሰጠሁት። ለወራት በላብ እየራሰ፣ በመቀስ እየተፋቀ፣ ጠርዙ ተበልቶ ማዕዘኑ ሁሉ ዶልዱሟል። በየካቲት የሰፋሁት ካሬ በግንቦት ከሰፋሁት በሁለት ጣት ይበልጥ ነበር። እየተበላ ሲያንስ አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ጎን ለጎን ቢሰፉ አንዱም ማዕዘን ከሌላው አይገናኝም።

"መሀላቸው ጨርቅ አስገቢበት" አለ። "ቀጭን ቀጭን መቀነት አድርገሽ ለያዪያቸው። ልዩነቱን ይውጠዋል።"

ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ በቤታችን "መቀነት" የሚለው ስም ለዚያ ቀረ። ግን መቀነቱ ምን ቀለም ይሁን? ነጭ አቡጀዲ እንዳልል የጋምቤላ አቧራ በሳምንት ይጨርሰዋል። ጥቁር እንዳልል የሐዘን ነው፤ ያንን ለማሰብ እንኳ አልደፈርኩም። ግራጫው ደግሞ ሁሉንም ያደበዝዘዋል። እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ቀለም እናነሣና እንጥላለን። አንድ እሑድ ባለቤቴ ሜትሩን እንደያዘ ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤

"እሺ ቀለሙን እንተወው። ስፋቱ ስንት ይሁን?"

"የምኑ?"

"የሁሉም። ሲያልቅ ምን ያህል ይሁን?"

መልስ ከመለስኩ ሁሉም ነገር ይወጣል። ይህን ያህል ካልኩ የትልቅ አልጋ ነው፤ ያንን ያህል ካልኩ ደግሞ የማን እንደሆነ በአፌ ተናገርኩ ማለት ነው። እሱም ገባው መሰለኝ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

"ገና ነው" አልኩት።

"እሺ፣ ገና ነው" አለ። ካሬዎቹን በደረደራቸው ተራ እየሰበሰበ ፌስታል ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ አልዘረጋናቸውም።

በሐምሌ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ለመንገድ ቅየሳ ወደ መቲ ላከው። መቲ የዚያው የእኛው ክልል ናት፤ ግን በክረምት እዚያ ለመድረስ ደጋውን በጎሬና በቴፒ በኩል ዞሮ መሄድ ነው። ሊቀር ፈልጎ ነበር። "ጊዜው አልደረሰም፣ ሂድ፤ ሳይደርስ ትመለሳለህ" ያልኩት እኔ ነኝ። በእርግጥም ዶክተሩ በነሐሴ ነው ብሎን ነበር። ባለቤቴ በሄደ በሳምንቱ ግን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አንሶላዬ ረጠበ። መጀመሪያ ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ነበር። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጣሪያው ደረቅ ነው።

ጮኬ ጎረቤቴን ተጣራሁ። ዝናቡ ድምፄን ዋጠው። ወደ አጥሩ በኩል ያለውን ግድግዳ በብረት ኩባያ መታሁት፤ ደጋግሜ መታሁት። የዕረፍት ቀኗ ነበር። ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ እየሮጠች ገባች። ሆዴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ፊቷን ሳየው ምንም አላነብበትም ነበር።

"ደረሰ?" አልኳት።

"ይመጣል ዛሬ" አለችኝ።

"ገና ነው እኮ! ወሩ ገና ነው!"

"ገና ነው አትበይ። እሱ አሁን ነው ብሏል፣ እኛ ምን እንላለን?"

ወጥታ ሄደች። እስክትመለስ ያለውን ጊዜ አላወሳውም። የሐጂ ፒክአፕ በር ላይ ሲቆም ሰማሁት። ሰውዬው ራሳቸው ነበሩ የሚነዱት፤ እንዳልረጥብ ከሱቃቸው አንድ ጥቅል የዝናብ ሸራ ይዘው ነበር የመጡት። እሷና እሳቸው ተጋግዘው ከነፍራሼ አነሱኝ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ እሳቸው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያሉ ይነዳሉ፣ እኔ "እመቤቴ ማርያም" እላለሁ፣ ጎረቤቴ በራሷ ቋንቋ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትለው ነገር ነበራት። ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ ሐጂ ዞረው እንኳ አላዩኝም፤ አፍረው ነው። "አይዞሽ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ" ብለው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ወለድኩ። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ድመት የመሰለ፣ ቀጭን፣ የተናደደ ጩኸት መጣ፤ አልቆመም። ጎረቤቴ ስትስቅ ሰማኋት።

"ሴት ናት" አለችኝ። "ትንሽ ናት፤ ግን ተቆጪ ናት። እንኳን ማርያም ማረችሽ።"

እርቃኗን ደረቴ ላይ አስተኝታ በአንሶላ ደረበችን። ትንሽ ስለሆነች ሙቀትሽ ነው የሚያሳድጋት አሉኝ። ለሰባት ሳይሆን ለስምንት ወር የደረሰች ናት፣ ትጠባለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደህና ናት አለ ዶክተሩ። እኔ አላመንኩትም፤ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነበር። አላቆመም። ወደ ቤት ሂጂ እስኪሉኝ ድረስ አላቆመም።

ቤት በገባሁ በማግስቱ ጠዋት ልጄን አጥብቼ ካስተኛኋት በኋላ መነሣት እንደምችል ትዝ አለኝ። ማንም አልከለከለኝም። በዝግታ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩና ያንን አረንጓዴ መጋረጃ ከነሽቦው አወረድኩት። ምንም አላሰብኩም፤ ከዚያ በኋላ ላየው ስላልፈለግሁ ብቻ ነው። ብርሃን ገባ። ማንጎውን አየሁት፤ ፍሬውን ጨርሶ ቅጠሉ ታጥቦ ቆሟል። በወራት ያላየሁትን ጭቃማ መንገድ፣ የሚያልፉ ሰዎችን አየሁ። መጋረጃውን ጭኔ ላይ ሳደርገው ፀሐይ ያገኘው ወገን ወደ ቢጫ ነጣ ብሎ፣ እጥፋቱ ውስጥ የነበረው ግን ጥቁር አረንጓዴ እንደሆነ አየሁ። መቀሴን ፈለግሁ።

በዚያው ሳምንት ባለቤቴ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለቅልቆ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ብቻውን አልነበረም። ጎሬ ላይ ቆሞ እናቴን ይዟት መጥቷል። መንገድ ላይ ሆኖ ምንም ስላልሰማ፣ ለመውለጃዬ ትድረስልኝ ብሎ ነው። ከግቢው ሲገባ የሕፃን ለቅሶ ሰማና በሩ ላይ ቀጥ አለ። የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ገባ። ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ።

"መጋረጃው የት ሄደ?" አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ ነው ወይስ እየሳቀ ነው ለማለት አልቻልኩም። እናቴ ከኋላው ሆና እልል አለች። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ መለሰችላት።

በነጋታው ካሬዎቹን ዘረጋናቸው። አሁን ስፋቱ ስንት ይሁን ሲለኝ ወዲያው መለስኩ። በእጄ እያሳየሁ "የእሷ ወርድ፣ የእሷ ቁመት፣ ደግሞ የምታድግበት" አልኩት። እናቴ ሰሌኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

"ለበኩር ልጅሽ ድሪቶ ነው የምታለብሺው?"

"ድሪቶ አይደለም እማዬ።"

"እራፊ በእራፊ ላይ ከተሰፋ ድሪቶ ነው። ቆይ፣ ይሄን ሁሉ መቼ ነው የሰፋሽው?"

"ተኝቼ ሳለሁ። ለትራስ ብዬ ነበር።"

"ለትራስ?" ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። "እንግዲህ ለትራስ ብለሽ ከሆነ ደህና ነው። መርፌ ስጪኝ።"

የቀረው ነገር ቀላል ሆነ። ትልቁን የየካቲት ካሬ መለኪያ አደረግነው። ባነሱት ዙሪያ ከመጋረጃው እየቆረጥን ቀጭን ክፈፍ ሰፋንባቸው፤ አንዳንዱ የግማሽ ጣት፣ አንዳንዱ የአንድ ጣት ሙሉ። ሁሉም እኩል ሲሆኑ ባለቤቴ በሜትሩ እየመሰከረ አሳለፋቸው። ከዚያ በመሀላቸው የሦስት ጣት መቀነት ገባ። የመጋረጃው ጨርቅ በፀሐይ የተበላበት ቦታ ሲጎተት ስለሚቀደድ ረጅም መቀነት አልወጣልንም፤ አጫጭር ቆርጠን መስቀለኛው ላይ ከደንብ ልብሱ ሰማያዊ ትንንሽ ካሬ አስገባንበት። ይህንን ያሰብነው ስላማረን ሳይሆን ጨርቁ ስላጠረን ነው። ግን አማረ።

ያጨቃጨቀን የነጣውና የጠቆረው አረንጓዴ ነበር። እናቴ "አንዱን አንድ ቦታ፣ ሌላውን ሌላ ቦታ ለዩት፣ ሰው ምን ይላል" አለች። ጎረቤቴ "ሣር እንኳ አንድ ዓይነት አረንጓዴ አይደለም፣ ደባልቂው" አለች። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ለወራት አንድ ቀለም መምረጥ አቅቶኝ የነበርኩት ሴት፣ ልጄ ጡቴ ላይ እንዳለች፣ "የጠቆረው ዳር ዳሩን ይሁን፣ የነጣው መሀሉን፤ እሷ መሀል ነው የምትተኛው" አልኩ። ክርክሩ አበቃ። እናቴ ከአንድ ጫፍ፣ ጎረቤቴ ከሌላው ጫፍ እየሰፉ መጡ። የእናቴ ስፌት ደቃቅ ነው፤ የጎረቤቴ ረጅምና ፈጣን። ሲገናኙ አንዷ የሌላዋን ክር በጥርሷ ቆረጠችላት።

ከስሩ አቡጀዲ ገበር አደረግንበት። አንዱ ካሬ ተገልብጦ እንደተሰፋ ያወቅነው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ የስፌቱ ጀርባ ወደ ላይ ወጥቷል። ባለቤቴ "ይፈታ?" አለ። ሦስታችንም በአንድ ድምፅ "ተወው!" አልነው።

ያን ቀን እናቴ ገንፎ ልታገነፋ ወደ ማድ ቤት ወጣች፣ ጎረቤቴም ወደ ሥራዋ። ባለቤቴ ሰፍተን የጨረስነውን ልብስ አልጋው ላይ ዘረጋው፤ ልጄን መሀሉ ላይ አስተኛኋት፣ እኔም ከጎኗ ጋደም አልኩ። ከመስኮቱ ነፋስ ይገባ ነበር። እጄን ጀርባዋ ላይ ላደርግ ቃጣኝና ተውኩት። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ "ተኚ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። ከየካቲት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላዳምጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ገንፎው ቀዝቅዞ ነበር፤ እናቴም ሳትቀሰቅሰኝ ልጄን ታቅፋ ውጭ ማንጎው ስር ለመንገደኛ ሁሉ ታሳይ ነበር።